ጥገኝነት የጠየቀች እኅቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐኪም ዘንድ መሄዷ ጉዳይዋን ያበላሽባታል ወይ?

የማርቆስ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ታናሽ እኅቴ ከባለቤቷ ጋር በጎብኚ ቪዛ አሜሪካ ገብታ ሜሪላንድ ውስጥ ተቀምጣለች። የጥገኝነት ማመልከቻዋን በጠበቃ አማካይነት ያስገባችው ባለፈው ነሐሴ 5 ቀን ሲሆን፣ ማመልከቻው መድረሱን የሚገልጸው ደብዳቤም በእጇ ይገኛል። የሥራ ፈቃድ ገና አላገኙም፤ የሚያድሩትም አንድ የአገር ልጅ በሰጣቸው የምድር ቤት ክፍል ነው። እኅቴ አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ስትሆን፣ እዚያ ከደረሰች ወዲህ አንድም ቀን ሐኪም አላያትም።

ከገንዘቡ ይልቅ ያሰራት ፍርሃት ነው። አብረዋት ያሉ ሰዎች «የመንግሥት ሕክምና ከተጠቀምሽ የመንግሥት ሸክም ተብለሽ ትመዘገቢያለሽ፤ ኬዝሽም ይበላሻል፤ አድራሻሽም ለኢሚግሬሽን ፖሊስ ይተላለፋል» ብለው ነግረዋታል። እሷም አምና ተቀምጣለች።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ስትደውል እናታችን ስልኩን ወደ እግሯ እንድታዞረው አስገደደቻት። የቁርጭምጭሚቷ አጥንት አይታይም፤ የካልሲዋ ላስቲክ ያረፈበት ቦታ ዙሪያውን ቦይ ሠርቷል። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች። እኔም እዚህ ሆኜ «ሂጂ» ብዬ ልገፋፋት ፈራሁ፤ ምክሬ ስሕተት ሆኖ ጉዳይዋ ቢበላሽ ዕዳው የእኔ ነውና። ሕጉን በትክክል የምታውቁ ወገኖች ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

አዋላጅዋ፣ ፍኖተ ሰላም
ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ስለ አሜሪካ ሕግ የማውቀው የለኝም፤ የምጽፍልህ ሙያዬ በሚፈቅድልኝ ልክ ነው። በእርግዝና ወቅት እግር ማበጥ ብዙ ጊዜ የተለመደ ነገር ነው። ነገር ግን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊት ከፍ ብሎ ከዚያ ጋር እብጠት ሲመጣ፣ በተለይም ፊትና እጅ ካበጠ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ካለ፣ ዓይን ብዥ ካለ፣ ወይም ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከተሰማት ለእናቲቱም ለጽንሱም አደገኛ የሆነ የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው በስልክ ማየት አይደለም፤ ግፊት መለካትና የሽንት ምርመራ ነው። ሁለቱም በደቂቃዎች የሚያልቁ ናቸው።

እባክህ ዛሬውኑ ደውለህ ከላይ ከዘረዘርኳቸው ምልክቶች አንዱ እንኳ እንዳለ ጠይቃት። ካለ ሕጉን አጣርተን እስክንጨርስ አትጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ። ከሌለም ቢሆን ምርመራው በዚህ ሳምንት መጀመር አለበት፤ በአምስት ወር መጀመሪያዋ ከሆነ ዘግይታለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሷ የደበቀችው ደግሞ ገና ያልታወቀውን ነው።

የጮቄ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድማችን፣ እኔ እኅትህ ባለችበት ግዛት 14 ዓመት ኖሬያለሁ፤ ከዚህም አብዛኛውን በሆስፒታሎች የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ስለዚህ በመጨረሻ ከራሷ ጠበቃ ጋር ታመሳክረው። ሆኖም እንዲህ ያለውን ፍርሃት በየሳምንቱ ስለማየው፣ ፈርተው ከቆዩትም ጥቂቶቹ በጣም ዘግይተው ስለመጡ፣ በጥንቃቄና በዝርዝር እመልስልሃለሁ። የምጽፈው አሁን፣ በጥቅምት 2018፣ በሥራ ላይ ያለውን ነው፤ ሕጉ በዚህ ዓመት ብዙ ጊዜ ተለዋውጧልና ቀኑን ልብ በሉልኝ።

ከድንገተኛው ልጀምር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ የፌደራል ሕግ መሠረት፣ ድንገተኛ ክፍል ያለውና ሜዲኬር ከሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን ክፍያ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ የመጣውን ሰው መርምሮ አደጋውን የማረጋጋት ግዴታ አለበት። ምጥ የያዛትም ሴት በዚሁ ሕግ ትታያለች። አስቀድሞ «ትከፍያለሽ ወይ? ምን ወረቀት አለሽ?» ብሎ መመለስ አይቻልም። ይህ ማለት ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ሒሳቡ በኋላ በፖስታ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠውም ያን ፖስታ ሲከፍት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሆስፒታሎች የቤተሰብ ገቢው ከድህነት መስመሩ እጥፍ ለማይበልጥ ሰው አስፈላጊ ሕክምናን በነጻ እንዲሰጡ የግዛቲቱ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ጠይቆ ቅጽ ላልሞላ ሰው ግን ሒሳቡ እንደተለመደው ይላካል። ስለዚህ «ፋይናንሻል አሲስታንስ» (የክፍያ እርዳታ) የሚለውን ቃል ትያዝ፤ ከመውጣቷ በፊት ቅጹን ትጠይቅ።

ዋናው ግን ከድንገተኛ የተሻለ መንገድ ያላት መሆኑ ነው። ሜሪላንድ ከሐምሌ 1 ቀን 2023 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ነፍሰ ጡሮችን የኢሚግሬሽን ሁኔታቸው ምንም ይሁን ምን ሜዲኬይድ በሚባለው የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የመንግሥት የጤና መድን ትሸፍናለች። ሽፋኑ ክትትሉን፣ ወሊዱንና ከወሊድ በኋላ ያሉትን አራት ወራት ያካትታል። እኅትህ የሥራ ፈቃድ ስለሌላት ገቢም የላትም፤ ሕጉ የወጣው ለእንደሷ ያለች እናት ነው። ቨርጂኒያ ብትሆንም ከ2021 ጀምሮ ተመሳሳይ ሽፋን አለ። ሌላ ግዛት ብትሆን ኖሮ መልሴ ሊለይ ይችል ነበር፤ በዚህ አገር ከፌደራሉ ሕግ ባልተናነሰ የምትኖርበት ግዛት ይወስናል። የወንዝ ልጆች ከሚኒሶታ ወይም ከቴክሳስ ደውለው «እኛ ጋ እንዲህ ነው» ሲሉ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው፤ ግን የራሳቸውን ግዛት እውነት ነው የሚነግሩን።

አሁን ወደ ፍርሃቷ ልምጣ። «የመንግሥት ሸክም» የሚባለው መመዘኛ፣ እዚህ ፐብሊክ ቻርጅ የምንለው፣ በርግጥ አለ። ነገር ግን ጥገኝነት ለማግኘት ማመልከቻ ሲመረመርም ሆነ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ግሪን ካርድ ሲጠይቅ ይህ መመዘኛ አይሠራበትም፤ ሕጉ ራሱ ነጻ አድርጓቸዋል። መመዘኛው የሚነካቸው በቤተሰብ ወይም በሌላ መንገድ ግሪን ካርድ የሚጠይቁትን ነው። በእነሱም ላይ ቢሆን ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ የሚቆጥረው ለኑሮ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብንና በመንግሥት ወጪ በተቋም ውስጥ ለረጅም ጊዜ መኖርን ብቻ ነው፤ የእርግዝና ክትትል በዚያ ውስጥ የለም። እኅትህ ወደፊት በሌላ መንገድ ለምሳሌ በቤተሰብ በኩል ለማመልከት ካሰበች ግን ጠበቃዋን አስቀድማ ትጠይቅ።

አድራሻ መተላለፉን በተመለከተ ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ ነው ብዬ ላታልላት አልፈልግም። በዚህ ዓመት የሜዲኬይድ ተመዝጋቢዎች መረጃ ለኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት መሰጠቱ ታውቆ፣ ሜሪላንድን ጨምሮ በርካታ ግዛቶች ከሰው፣ ፍርድ ቤቱም በከሳሾቹ ግዛቶች መረጃው ለዚያ ዓላማ እንዳይውል በ2025 አግዶ ነበር፤ ክርክሩ ግን አላለቀም። ሆኖም አንድ ነገር ታስብበት። እኅትህ ማመልከቻዋን ስታስገባ ስሟን፣ አድራሻዋንና ፎቶግራፏን በገዛ እጇ ለዚያው መሥሪያ ቤት ሰጥታለች፤ አሻራም ሰጥታ ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ የት እንዳለች ያውቃል፤ ማወቅም አለበት፤ ቤት ብትቀይር እንኳ የማሳወቅ ግዴታ አለባት። ክሊኒክ መሄዷ ስለ እሷ የሚጨምረው አዲስ ነገር ጥቂት ነው። ምንም ማመልከቻ ያላስገባ ሰው ቢጠይቀኝ ይህን ያህል አስረግጬ አልመልስም ነበር።

ከዚህ ሌላ ዊክ የሚባለው የነፍሰ ጡርና የሕፃናት የምግብ ድጋፍ ለእሷ ክፍት ነው፤ የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠየቅበትም። ወተት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ የምትገዛበት ካርድ ይሰጣታል፤ ከወሊድ በኋላም ለእሷና ለሕፃኑ ይቀጥላል። ማመልከቻዎቹ ሁሉ ነጻ ናቸው። «ቅጽ እሞላልሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበላት ሰው ካለ አትክፈል። ከሁለት ዓመት በፊት ለነጻ ቅጽ 200 ዶላር የተቀበሏትን አንዲት እናት አስተርጉሜላታለሁ፤ ቅጹም በስሕተት ተሞልቶ ነበርና ውድቅ ሆኖባታል።

ዓባይ ዳር፣ ባሕር ዳር
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። እኛ ያደግነው ከሰው ፊት እጅ መዘርጋት ነውር ነው ተብለን ነው። የጎጃም ገበሬ ክረምት ከበጋ ለፍቶ የራሱን እህል በራሱ ጎተራ ይከታል እንጂ ምጽዋት አይጠብቅም። ገና የገቡበት አገር ላይ፣ አንድ ሳንቲም ግብር ሳይከፍሉ፣ የመንግሥትን ወተትና እንቁላል መቀበል ልክ ነው ወይ? የእኅታችንን ሕመም አቃልዬ አይደለም፤ ለድንገተኛው እስማማለሁ። የቀረውን ግን ዘመድ ተረዳድቶ ቢሸፍነው ክብሯን ይጠብቅላታል ብዬ አስባለሁ።

አዋላጅዋ፣ ፍኖተ ሰላም
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ የራሳችን ደቡብ አቸፈር ነበር። ያን ጊዜ «ሳልታመም ምን ብዬ እከፍላለሁ? የድሃውንስ ማን ሊከፍል ነው?» ያላለ አልነበረም። ዛሬ ያ ገበሬ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ያኖረዋል። መክፈል የማይችለውን መዋጮ ደግሞ መንግሥት ይሸፍንለታል፤ እሱም ጤና ጣቢያ ሲመጣ ከከፋዩ ጋር በአንድ ሰልፍ ይቆማል፤ ማንም ምጽዋተኛ አይለውም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ለወሊድ የመጣችንም እናት ገንዘብ አንጠይቃትም። እዚህ ያለችውን እናት ያላዋረደ ነገር እዚያ ያለችውን የሚያዋርድበት ምክንያት አይታየኝም።

ልዩነቱ አንድ ነው። እዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጅ ድረስ ሄዳ፣ በር አንኳኩታ፣ «ለምን ቀረሽ?» ትላለች። እዚያ በር የሚያንኳኳ የለም፤ ራሷ ካልሄደች የሚያውቃት አይኖርም።

የጮቄ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

በዚህ ላይ የምጨምረው ስለ ግብሩ ብቻ ነው። ጥገኝነት ጠያቂ የሥራ ፈቃድ ባገኘ ማግስት ከደመወዙ እንደማንኛውም ሠራተኛ ግብር ይቆረጥበታል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ለሚባለው ጡረታና ለሜዲኬርም ያዋጣል። ዕድር ላይ አዲስ የገባ ሰው በገባ በወሩ ሐዘን ቢደርስበት ድንኳኑ ይተከልለታል፤ መዋጮውን ወደፊት ይከፍላል ብለን ነው። እኔ ይህን እንደዚያ ነው የማየው።

የሞጣዋ፣ አሌክሳንድሪያ
ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

እኔ ጥገኝነቴ የጸደቀልኝ በ2023 ነው። በእኔ ላይ የደረሰውን ብጽፍ ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚያደናግረው «ጠየቀ» እና «ተፈቀደለት» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የፌደራል ሕግ ሰውን በወረቀቱ ይከፍለዋል። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ ከአብዛኛው የፌደራል ድጋፍ ውጪ ነው፤ የሚቀሩለት ድንገተኛ ሜዲኬይድ፣ ዊክ፣ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ እና ግዛቱ በራሱ ገንዘብ ወይም በራሱ ምርጫ የከፈተው ነው። የተፈቀደለት ሰው ግን በዚያኑ ቀን ሌላ ሰው ይሆናል። እኔ በ2023 ሲፈቀድልኝ ሜዲኬይድና ፉድ ስታምፕ የሚባለውን የምግብ መግዣ ድጋፍ ያለ አምስት ዓመት ጥበቃ ማግኘት ስችል፣ ከዚህም በላይ ለስደተኞች የሚሰጥ የጥቂት ወራት የገንዘብ ድጋፍ ነበረኝ። ያን ጊዜ ድጋፉ 12 ወር ሲሆን፣ የሚቆጠረውም ጥገኝነቱ ከተፈቀደበት ቀን ጀምሮ ነው።

እኔ ይህን አላወቅኩም። የማጽደቂያውን ደብዳቤ አንብቤ፣ አልቅሼ፣ ስሜ በትክክል መጻፉን ሦስት ጊዜ አይቼ፣ በማእድ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ከሹካና ከማንኪያው ሥር አስቀመጥኩት። ጉዳዬን ይዞልኝ የነበረው ሰውም «እንኳን ደስ አለሽ» ከማለት በቀር አንድም ነገር አልነገረኝም። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እኅት ስለ ድጋፉ ስትነግረኝ አምስት ወር አልፏል። የቀረኝን ሰባት ወር ተጠቀምኩ፤ እንግሊዝኛም ተማርኩ፤ የነርስ ረዳትነት ሥልጠናም ወሰድኩ።

አሁን ያ 12 ወር ከሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ጥገኝነት ለሚፈቀድላቸው ወደ 4 ወር ዝቅ ብሏል። እኔ የባከነብኝ አምስት ወር ዛሬ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በመሳቢያ ውስጥ ያልቅ ነበር።

ደግሞም ባለፈው ሰኔ 27 ቀን የተፈረመው የፌደራል ሕግ ነገሩን የበለጠ አጥብቦታል። ጥገኝነት ያገኙና በስደተኝነት የገቡ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ከፉድ ስታምፕ ወጥተዋል። ከመስከረም 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ ከፌደራሉ ሜዲኬይድ ይወጣሉ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮም መንግሥት ባቋቋመው የጤና መድን ገበያ ላይ ለሚገዙት መድን የሚሰጠው የክፍያ ድጋፍ ይቀርባቸዋል። ስለዚህ ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው አንድ ዓመት እንደሞላው የግሪን ካርድ ማመልከቻውን ሳያዘገይ ያስገባ። ድሮ «ቆይ፣ ገንዘብ ላጠራቅም» ይባል ነበር፤ አሁን የሚዘገየው ወር የሕክምናም ወር ነው።

የደጀኑ፣ ደጀን
ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ጀርመን፣ የአጎቴ ልጅ ደግሞ እንግሊዝ ስላሉ ከእነሱ የሰማሁትን በአጭሩ ላካፍል። ጀርመን ውስጥ ጥገኝነት ጠያቂ ለመጀመሪያዎቹ 36 ወራት የሚታከመው በዋናነት ለአጣዳፊ ሕመምና ለሥቃይ ነው፤ ድሮ 18 ወር የነበረው በ2024 ነው የተራዘመው። ነፍሰ ጡርና ወላድ ግን ክትትሉንም ወሊዱንም ያገኛሉ። እንግሊዝ ውስጥ ጥገኝነት ጠያቂ በአገሪቱ የጤና አገልግሎት በነጻ ይታከማል፤ መጠለያ ተሰጥቶት ምግቡን ራሱ ለሚያዘጋጅ ሰውም በሳምንት 49.18 ፓውንድ ይሰጠዋል፤ መሥራት ግን በአብዛኛው አይፈቀድለትም። የአጎቴ ልጅ ቤተሰብ ገንዘብ ላክ ሲለው የሚያስለቅሰው ይህ ነው።

የማርቆስ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አዋላጇ እኅታችን እንዳዘዘችኝ በዚያው ምሽት ደውዬ ጠየቅኋት፤ ራስ ምታት እንዳለባት፣ ግን «ከመተኛት ብዛት ነው» ብላ እንደተወችው ነገረችኝ። የጮቄው ወንድማችን የጻፈውን ሁሉ አነበብኩላት። ስለ አድራሻው የተጻፈው ቦታ ላይ ስደርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያም «እውነት ነው፤ አሻራዬንም ሰጥቼአለሁ» አለች። በዚያው ሌሊት ባለቤቷ ድንገተኛ ክፍል ወሰዳት።

ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ የሽንት ምርመራው ግን ደኅና ነው ብለዋል። ጽንሱም ደኅና ነው። መድኃኒት ሰጥተው፣ በሳምንቱ እንድትመለስ ነግረው አሰናብተዋታል። አስተርጓሚው በስልክ ያገናኙአት አማርኛ ተናጋሪ ሴት ነበሩ፤ «አይዞሽ፣ ልጄ» ብለው ስለጀመሩላት ያለችው ሁሉ ወጣላት።

አሁን ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛው የሥራ ፈቃዱ ነው፤ ማመልከቻው ብቻ 550 ዶላር ነው ስለተባለ እኛ ከዚህ ምን እናድርግ እያልን ነው። ሁለተኛው ባለቤቷ የስኳር ሕመም አለበት፤ ይዞት የሄደው መድኃኒት ሊያልቅ ነው። እሱስ የሚሸፈንበት መንገድ አለ?

የጮቄ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

እግዚአብሔር ይመስገን። ያ ራስ ምታት ሌላ ሳምንት ቢያድር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ከክፍያው ልጀምር። ባለፈው ሰኔ የተፈረመው ያው ሕግ ለጥገኝነት ማመልከቻ 100 ዶላር፣ ለመጀመሪያው የሥራ ፈቃድ ማመልከቻ ደግሞ 550 ዶላር ደንግጓል፤ ከክፍያው ነጻ መሆን ይፈቀድ የነበረበት መንገድም ተዘግቷል። ቀኑን ልቁጠርላችሁ። ማመልከቻው ለመሥሪያ ቤቱ የደረሰው ነሐሴ 5 ከሆነ፣ የሥራ ፈቃድ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው 150ኛው ቀን ታኅሣሥ 30 ላይ፣ በገና ማግስት ይውላል፤ ፈቃዱ ሊሰጥ የሚችለው ግን ከ180ኛው ቀን በፊት አይደለም። በመካከል ቀጠሮ ካራዘሙ ወይም ከቀሩ ቆጠራው ይቆማል፤ ስለዚህ አንድም ቀጠሮ አይቅሩ። ባልና ሚስቱ ሁለቱም የሚያመለክቱ ከሆነ ወጪው በ2025 ዋጋ 1,100 ዶላር ነውና፣ መጀመሪያ እሱ ቢያመለክትና ቢሠራ፣ እሷ ወልዳ ስትጠነክር ብትከተል የተሻለ ይመስለኛል። እናንተ ከዚያ ልታደርጉት የምትችሉት ትልቁ ነገር እስከዚያ ድረስ ገንዘብ ላኩ አለማለት ነው። ይህን በድፍረት ስጽፍ ይቅር በሉኝ፤ ማንም ሰው በምድር ቤት ክፍል ውስጥ ሆኖ «የለኝም» ማለትን ለቤተሰቡ አይደፍርም።

ባለቤቷን በተመለከተ መልሱ የጠበበ ነው። ነፍሰ ጡር ስላልሆነ የሜሪላንዱ ሽፋን አይደርሰውም፤ ጥገኝነት ጠያቂ ስለሆነ መደበኛው ሜዲኬይድም አይሆንለትም። የሥራ ፈቃዱ ሲደርሰው በግዛቲቱ የጤና መድን ገበያ መድን መግዛት ይችላል፤ ነገር ግን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ገቢው ከድህነት መስመሩ በታች የሆነ ሰው በኢሚግሬሽን ሁኔታው ምክንያት ሜዲኬይድ ቢከለከል እንኳ የክፍያ ድጋፉን አያገኝም፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ ለጥገኝነት ጠያቂዎች ጭራሹን ይቀራል።

እስከዚያ ያለው በር የማኅበረሰብ ጤና ማዕከል ነው። እነዚህ በፌደራል ገንዘብ የሚደገፉ ክሊኒኮች ክፍያውን በገቢ ልክ ያስተካክላሉ፤ ገቢ የሌለው ሰው የሚጠየቀው ትንሽ ነው፤ መድኃኒትም በቅናሽ ያገኛል። ባለፈው ክረምት የፌደራሉ ጤና መሥሪያ ቤት ማዕከላቱ ለሁሉም ክፍት እንዳይሆኑ የሚያደርግ አዲስ አተረጓጎም አውጥቶ ነበር፤ ፍርድ ቤት ግን ሜሪላንድን ጨምሮ በከሰሱት ግዛቶች አግዶታል። ስለዚህ ዛሬ መሄድ ይችላል፤ እንዲያውም ዛሬ ይሂድ። የመድኃኒቱን እሽግ ይዞ ይግባ፤ ስሙና መጠኑ የተጻፈበት ስለሆነ ሐኪሙ ከባዶ አይጀምርም። ሲመዘገብም «አማርኛ» ይበል፤ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ዘመድ ወይም ጎረቤት አያስተርጉምለት፤ የስኳር መድኃኒት መጠን በግምት የሚተረጎም ነገር አይደለም።

የቡሬው፣ ቡሬ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከጉዳዩ ብዙ ሳልርቅ አንድ ጥያቄ ልጨምር። ወንድሜ በዲቪ ዕጣ ወጥቶለት ግሪን ካርድ ይዞ ኦሃዮ ከገባ ሦስት ወሩ ነው። እሱ ሕጋዊ ነዋሪ ስለሆነ ከጥገኝነት ጠያቂ የተሻለ ሽፋን ያገኛል ብለን ነበር። አያገኝም ወይ?

የሞጣዋ፣ አሌክሳንድሪያ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። በዲቪ የገባ አዋቂ ሰው ለፌደራሉ ሜዲኬይድና ለፉድ ስታምፕ በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። መድን በገበያው ላይ መግዛት ይችላል፤ የክፍያ ድጋፉን ለማግኘት ግን ከመጪው ታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ገቢው ቢያንስ የድህነት መስመሩን መድረስ አለበት፤ ለአንድ ሰው በ2025 መስመሩ በዓመት 15,650 ዶላር ነው። ስለዚህ ወንድምህ ሥራ ሲፈልግ የሰዓት ክፍያውን ብቻ ሳይሆን ድርጅቱ የጤና መድን መስጠት አለመስጠቱን ይጠይቅ። በሰዓት ሁለት ዶላር የሚያንስ ግን መድን ያለው ሥራ፣ አንድ ሌሊት ሆስፒታል ካደረ፣ ከሌላው ይበልጥበታል።

ዓባይ ዳር፣ ባሕር ዳር
ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከላይ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። የእኅታችን ግፊት ከፍ ብሎ መገኘቱን ሳይ ደነገጥኩ፤ ምክሬ ደርሷት ቢሆን ኖሮ ቤቷ ትቀር ነበር። ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሜሪካ ያለችው የእኔው ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ «ደኅና ነኝ» ብቻ ነው የምትለኝ፤ ዛሬ ምን ወረቀት እንደያዘች፣ የጤና መድን እንዳላት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋት። የላትም።

የማርቆስ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

የደረስንበትን ላሳውቃችሁ ቃል ነበረብኝ። የሜዲኬይዱ ማመልከቻ ገብቶ ውሳኔው በደብዳቤ ደርሷታል፤ ተፈቅዶላታል። ደብዳቤውን ፎቶ አንሥታ ልካልኝ እኔ ለእናታችን አነበብኩላት፤ የካርዱ ቁጥርና የሚጀምርበት ቀን የተጻፈበትን መሥመር ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ድንገተኛ ክፍል ለገባችበት ሌሊት የመጣውን ሒሳብ በተመለከተ የእርዳታ ቅጹን ሞልታ አስገብታለች፤ መልስ እየጠበቀች ነው። ባለቤቷ በጤና ማዕከሉ ታይቶ የሦስት ወር መድኃኒት ይዟል። ግፊቷ በመድኃኒቱ ወርዷል፤ በየሁለት ሳምንቱ ትለካለች። ዊክም ጀምራለች።

እናቴ ለአራስ የሚሆን የገንፎ እህል እያስፈጨች ነው፤ ከማርቆስ ወደዚያ የሚሄድ ሰው እስከ የካቲት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን። የባሕር ዳሩ ጋሼ፣ የልጅዎን ጉዳይ እዚሁ ቢጽፉልን አብረን እናየዋለን፤ የትኛው ግዛት ውስጥ እንዳለችና ማመልከቻዋ የገባበትን ቀን አይርሱብን።